ስለ ጎልፍ ጨዋታ፤ በጭንቅ ቦታ ኳስን ዝቅ አድርጎ ስለ መምታት

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝና ስለ ጤና አጠባበቅ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ አንድ ጨዋታ፥ ከጨዋታውም ስለ አንድ ዓይነት ምት ብቻ ነው። ምናልባት «ጨዋታ ለቤተ ሰብ ገጽ ምኑ ነው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። መልሱን በነገሩ ፍጻሜ ያገኘዋልና እስከዚያ ድረስ በትዕግሥት እንዲያነብልኝ እለምነዋለሁ።

መኖሪያዬ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ በላፍቶ ነው። ላፍቶ በኦሮምኛ የግራር ስም ነው፤ ዛሬ ግን በእኛ ሰፈር ከግራሩ ይልቅ የሚበዛው ባሕር ዛፍ ነው። ከላፍቶ ጋር ተጣምሮ የክፍለ ከተማችን መጠሪያ የሆነው ነፋስ ስልክም የቀድሞ ሰዎች ሽቦ ለሌለው ቴሌግራፍ ያወጡት ስም ነው። እኔ ግን ይህን ስም በሰማሁ ቍጥር ትዝ የሚለኝ ከኅዳር ጀምሮ ከቀትር በኋላ እየተነሣ የባሕር ዛፉን ጫፍ የሚያጐነብሰው ነፋስ ነው። ስለ ዛፉና ስለ ነፋሱ አስቀድሜ መናገሬ በከንቱ አይደለም፤ የምተርከው ነገር ሁሉ የመጣው በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት ነውና።

የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ አለኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በውጭ አገር ብዙ ዘመን የኖረ የአጎቴ ልጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ለዚህ ልጅ አንድ አሮጌ የጎልፍ ዱላና በከረጢት የተሞላ አሮጌ ኳስ አመጣለት። ዱላው ሰባተኛ ብረት የሚባለው ነው። ከቤታችን በታች፥ ወደ ወንዙ በሚወርደው ቍልቍለት፥ በግራና በቀኝ በባሕር ዛፍ የታጠረ ጠባብ የሣር ሜዳ አለ። ልጄም ከትምህርት ቤት ሲመለስ በዚያ እየወረደ ኳሱን ይመታ ጀመር። እኔም ከመንገድ ዳር ከመዋል ይሻላል ብዬ ደስ አለኝ እንጂ ወርጄ አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም። ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በአንድ የኅዳር እሑድ ከቀትር በኋላ ጎረቤታችን የሆኑት አንዲት እሜቴ ወደ ቤቴ መጡ። በነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈትተው በጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ኳስ አኖሩ። ኳሷ በአንድ ወገን ነጭ፥ በአንድ ወገን ቀይ ነበረች። እርሳቸውም ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ «ልጄ፥ ይህችን የላካት ያንተ ልጅ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፥ የመታችው በርበሬዬን ነው። የልጅ ልጄ ግን ከስጡ አጠገብ ተቀምጣ ትጫወት ነበር፤ በእርስዋና በኳሷ መካከል የነበረው አንድ ስንዝር ነው» አሉኝ። ይህን ብለው ኳሷን መልሰው በነጠላቸው ቋጠሩና ሄዱ። ቢቈጡኝ ኖሮ በቀለለኝ ነበር።

እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊ ሁኜ የማገለግል ሰው ነኝ። የሰውን ክርክር ከግራና ከቀኝ ሰምቶ መጻፍ የዘወትር ሥራዬ ነው። በዚያ ቀን ግን በገዛ ቤቴ ሳልሰማ ፈረድሁ። ዱላውን ወሰድሁና በሣጥን ቈልፌ «ከእንግዲህ ይህን ነገር በእጅህ እንዳላይ» አልሁት። ልጁም አልተከራከረኝም፤ እሺ ብሎ ገባ። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በማዕድ ላይ ዝም አለ። ለጥያቄዬ ይመልሳል፤ ከዚያ አልፎ ግን አንድ ቃል አይጨምርም። እናቱ ይህን አይታ «ልጁን ከኳሱ ብቻ አይደለም ከእኛም ነው የለየኸው» አለችኝ።

በሰፈራችን በጕልማሳነታቸው በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ወገን በሚገኘው በአዲስ አበባ የጎልፍ ሜዳ የተጫዋቾችን የዱላ ከረጢት እየተሸከሙ የኖሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። የዚህ ሥራ ሰው ካዲ ይባላል። እኒህ ሽማግሌ ነገሩን ሰምተው አንድ ማታ መጡና «ጌታዬ፥ እርስዎ ዱላውን ቈለፉበት፤ መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ የበደለው መምታቱ አይደለም፤ ከፍ አድርጎ መምታቱ ነው። ዝቅ አድርጎ መምታትን ያስተማረው ሰው አለ?» አሉኝ። እኔም እንዲህ ያለ ምት መኖሩን አለማወቄን ገለጽሁላቸው። «እንግዲያው እኔ ላስተምረው፤ ነገር ግን እርስዎም አብረው ይማሩ። አባቱ ያልቆመበት ትምህርት ለልጁ ቅጣት ይመስለዋል» አሉ። በዚህ ቃል ተስማማን።

ወደ ትምህርቱ ከመግባቴ በፊት ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ላስረዳ። ጎልፍ ትንሽ ኳስ በዱላ እየመቱ፥ በጥቂት ምት ወደ ተቈፈረ ቀዳዳ የማግባት ጨዋታ ነው። በሙሉ ሜዳ ዐሥራ ስምንት ቀዳዳ አለ፤ በትንሹም ሜዳ ዘጠኝ ይሆናል። የቀዳዳው አፍ ስፋት 108 ሚሊሜትር ሲሆን የኳሷ ክብደት ከ45.93 ግራም እንዳይበልጥ ታዝዟል። አንድ ተጫዋች ከ14 የበለጠ ዱላ መያዝ አይፈቀድለትም። አሸናፊውም ብዙ የመታ ሳይሆን ጥቂት የመታ ነው።

የጨዋታው መነሻ ስኮትላንድ ነው። በ1449 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቈጣጠር በ1457) የስኮትላንድ ምክር ቤት ሰዎቹ በጎልፍና በእግር ኳስ ተጠምደው የቀስት ልምምድ እንዳይተዉ ፈርቶ ሁለቱንም ጨዋታ ከለከለ። ይህን ሳነብ እኔ በልጄ ላይ የቈለፍሁት ሣጥን ትዝ አለኝና ሣቅሁ፤ የዚያ ክልከላ ፍሬው ምን እንደሆነ ዓለም ሁሉ ያየዋልና። በእኛም አገር ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ለእንግሊዝ መንግሥት በሰጡት ሰፊ ቦታ፥ ዛሬ የእንግሊዝ ኤምባሲ ባለበት ግቢ ውስጥ፥ የጎልፍ ሜዳ አለ። ነገር ግን ኳስን በቆልማማ ዱላ መምታት ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ነገር አይደለም። ገና ሲደርስ በየመስኩ ሩር የሚመቱ ሰዎች አባቶቻችን ናቸው። ሽማግሌውም ለልጄ የመጀመሪያውን ትምህርት የሰጡት በዚህ ምሳሌ ነው። «ገና ሲጫወቱ አይተሃል? ሩሯን ወደ ሰማይ የሚልካት ሰው የለም፤ በሰው እግር መካከል በምድር ላይ ነው የሚያሳልፋት። አንተም ዛሬ የምትማረው ይህንኑ ነው» አሉት።

ኳስ ወደ ላይ የሚነሣው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው የብረቱ ፊት ወደ ኋላ ያዘነበለ በመሆኑ ነው፤ ሰባተኛው ብረት ወደ 30 ዲግሪ ግድም ያዘነብላል። ሁለተኛው ኳሷ ስትመታ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ስለምትሄድ ነው፤ ይህም መሽከርከር አየሩን ወደ ታች እየገፋ ኳሷን ወደ ላይ ያነሣታል። ሰው በብርቱ በመታ ቍጥር መሽከርከሩ ይበዛል፤ መሽከርከሩም በበዛ ቍጥር ኳሷ ከፍ ትላለች። ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ ደግሞ ይባስ ትነሣና እንደ ተወረወረ ላባ ከመንገድ ቀርታ ትወድቃለች።

በአዲስ አበባም አንድ የተለየ ነገር ይጨመራል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለ ተቈረቈረች አየሩ ስስ ነው። አየሩ ስስ ሲሆን ኳስን የሚይዛት ነገር ይቀንሳል፤ ስለዚህ በባሕር ዳር አገር ከምትሄደው ርቀት ከመቶ ዐሥር ያህል ጨምራ ትሄዳለች። የአጎቴ ልጅ በውጭ አገር የለመደውን ርቀት ነግሮት ስለ ነበር ልጄ ኳሷ ከአጥሩ ወዲህ ትቀራለች ብሎ ያምን ነበር። ይህን ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያ እሑድ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ይነግረኝ ነበር።

እንግዲህ የምቱ አደራረግ እንደሚከተለው ነው። ሽማግሌው በቃል የነገሩንን እኔ በጸሐፊነቴ በተራ በተራው ጽፌ አኑሬዋለሁ።

አንደኛ፥ ፊትን ማዞር። ማንኛውም ሰው ዱላውን ከማንሣቱ በፊት ከፊቱ ሰው፥ ቤት ወይም መንገድ መኖር አለመኖሩን ይመልከት። ሽማግሌው ልጄን ከእሜቴ ግቢ አዙረው ወደ ወንዙ አፋፍ ወዳለው የአፈር ግንብ እንዲመታ አደረጉት። ነገር ግን ከዚያ ግንብ በላይ ሰው የሚተላለፍበት መንገድ አለ። ስለዚህ ኳሷ ዝቅ ካላለች በዚያም ቢሆን ከጥፋት አይዳንም።

ሁለተኛ፥ ዱላውን መምረጥና ማሳጠር። ፊቱ እጅግ ያዘነበለውን ዱላ ትቶ አምስተኛውን፥ ስድስተኛውን ወይም ሰባተኛውን ብረት መያዝ ይገባል። እጀታውንም ከጫፉ ሳይሆን ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ መጨበጥ ነው። ዱላው ሲያጥር ለመግዛት ይቀላል።

ሦስተኛ፥ አቋቋም። ዘወትር ኳሷ በሁለቱ እግሮች መካከል ትቀመጣለች፤ በዚህ ምት ግን ወደ ኋለኛው እግር የአንድ ወይም የሁለት ኳስ ስፋት ያህል ፈቀቅ ትላለች። የሰውነት ክብደት ከመቶ ስድሳው እጅ በፊተኛው እግር ላይ ይሁን፤ እስከ ምቱም መጨረሻ ከዚያ አይነቃነቅ። እጆች ከኳሷ ቀድመው ወደ ዒላማው ወገን ይሁኑ። በዚህ ጊዜ የብረቱ ፊት ዝንባሌው ይቀንሳል፤ ሰባተኛው ብረት እንደ አምስተኛው ይሆናል ማለት ነው።

አራተኛ፥ ዱላውን ማንሣት። እጆች ከደረት በላይ አይውጡ። የእጅ አንጓ ዝም ይበል፤ የሚዞረው ትከሻና ደረት ነው። ብዙ ሰው አጭር ማንሣትን ስለሚፈራ ጕልበቱን በችኰላ ይጨምራል። የቸኰለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ተረት ለዚህ የተነገረ ይመስላል።

አምስተኛ፥ መምታትና መጨረስ። መጀመሪያ ኳሷን፥ ቀጥሎ ሣሩን መንካት ነው። ኳሷን ከሥር ጭልፋ እንደሚጨልፍ ሰው ወደ ላይ ለማንሣት መሞከር ፈጽሞ አይገባም። ደረት ወደ ዒላማው ይዙር፤ ዱላውም በትከሻ ላይ ሳይጠመጠም፥ እጆች ከወገብ ከፍ ሳይሉ፥ ጫፉ ወደ ዒላማው እያመለከተ ይቁም። ሽማግሌው «አጨራረስህ አጭር ከሆነ ኳሷም ዝቅ ትላለች፤ ዱላህ ከፍ ካለ ኳሷ ትከተለዋለች» ይሉ ነበር።

ስድስተኛ፥ መንከባለሉን መቍጠር። ዝቅ ብላ የሄደች ኳስ ወድቃ ወዲያው አትቆምም፤ ረጅም መንገድ ትንከባለላለች። በበጋ፥ መሬቱ ሲደርቅ፥ በአየር ከሄደችው እኩሌታ ያህል ልትንከባለል ትችላለች። በሐምሌና በነሐሴ ግን ጭቃው ይይዛታል። ስለዚህ ተጫዋቹ አየሩን ብቻ ሳይሆን ምድሩንም ይመርምር።

በመጀመሪያው ቀን እኔ ቀድሜ እንድመታ ታዘዝሁ። የተነገረኝን ሁሉ በልቤ ይዤ ሳለሁ ኳሷን ባየሁ ጊዜ ሁሉንም ረሳሁና በሙሉ ኃይሌ መታሁ። ኳሷ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ጮኻ ተመለሰችና በእግሮቼ መካከል አልፋ ሄደች። ሽማግሌው ዝም አሉ። ልጄ ግን ሣቀ። ከሦስት ሳምንት ወዲህ በቤታችን ሣቁን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እኔም ተቈጥቼ ልናገር ስል፥ ገና ሲመታ ጌታ በሎሌው ላይ አይቈጣም የሚለው የቈየ ልማድ ትዝ አለኝና አብሬ ሣቅሁ። (በግንድ አጠገብ የሚመታ ሁሉ ይህን ልብ ይበል፤ የነጠረች ኳስ ዓይን ታጠፋለች። ከዛፍ በቅርብ ርቀት ቆሞ በዛፉ አቅጣጫ መምታት ፈጽሞ አይገባም። ኳሷ ወደ ሰው ስትሄድ ደግሞ ሳያፍሩ በታላቅ ድምፅ መጮኽ ግዴታ ነው።)

ለልምምዱ ሽማግሌው እንዲህ ያለ ዘዴ አዘጋጁ። ከምንመታበት ዘጠኝ እርምጃ ርቆ በሁለት ባሕር ዛፍ መካከል፥ ሰው እጁን ወደ ላይ ቢዘረጋ በሚደርስበት ቁመት፥ ገመድ አሰሩ። ኳሷ ከገመዱ በታች ማለፍ አለባት። በየማታው ዐሥር ዐሥር ኳስ እንመታለን፤ ከዐሥሩ በላይ አይፈቀድም። መጀመሪያ ያለ ኳስ ሣሩን ብቻ አምስት ጊዜ መጥረግ፥ ከዚያ በኋላ በግማሽ ኃይል አምስት ኳስ፥ ከዚያም አምስት ኳስ ጥቂት ጨምሮ መምታት ነው። ሳያስቡ መቶ ኳስ ከመምታት አስቦ ዐሥር መምታት እንደሚሻል በዓይኔ አየሁ።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ልጁ ይፈተን ተባለ። ዳኛ ማን ይሁን ሲባል ልጄ ራሱ «እሜቴ ይሁኑ» አለ። እኔ አፈርሁ፤ እርሳቸው ግን ጥሪውን ሰምተው በርጩማቸውን አስይዘው መጡ። ልጁ ሃያ ኳስ መታ። ዐሥራ ሰባቱ ከገመዱ በታች አለፉ፤ ሦስቱ በላይ ሄዱ። እኔና ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ይህ መልካም ነው ብለን ልናመሰግነው ስንዘጋጅ፥ እሜቴ «ሦስቱስ በማን ራስ ላይ ይወድቃሉ?» ብለው ጠየቁ። መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ብዙ ፍርድ ጽፌአለሁ፤ እንደዚህ ያለ አጭርና የቀና ፍርድ ግን ጥቂት ነው የጻፍሁት። ልጁም ገመዱን ራሱ ፈትቶ ጠቀለለና «እንደ ገና እማራለሁ» አለ።

በዚህ መካከል የአጎቴ ልጅ ስለ ታላላቆቹ ተጫዋቾች ብዙ ይነግረን ነበር። ከነገረን ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። አንደኛው እስፓኛዊው ሴቬ ባዬስቴሮስ ነው። የገበሬ ልጅ ሲሆን በፔድሬኛ በተባለች መንደር በባሕር ዳር አሸዋ ላይ በአንዲት ሦስተኛ ብረት ብቻ ይለማመድ ነበር። ዱላው አንድ ስለ ሆነች በእርስዋው ከፍ ማድረግንም ዝቅ ማድረግንም ተማረ። በ1971 ዓ.ም. (በአውሮጳ በ1979) በሃያ ሁለት ዓመቱ የእንግሊዞችን ታላቅ ውድድር አሸነፈ። ልጄ ይህን በሰማ ጊዜ አንዲቷን ሰባተኛ ብረቱን አየት አደረጋት።

ሁለተኛው አሜሪካዊው ታይገር ዉድስ ነው። ጨዋታውን ያስተማረው አባቱ ነበር። አባቱ በ1998 ዓ.ም. በሚያዝያ (በአውሮጳ በ2006 በሜይ ወር) ሞተ። ከሁለት ወር በኋላ በዚያው ታላቅ ውድድር በሆይሌክ ሜዳ ተሰለፈ። ሣሩ በድርቅ ቡናማ ሆኖ ነበርና ኳስ በምድር ላይ ብዙ ትንከባለል ነበር። ታይገር ከሁሉ አርቆ የሚመታውን ትልቁን ዱላ በአራቱ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ አነሣ፤ በቀረው አብዛኛውን ጊዜ በብረት ዝቅ እያደረገ፥ አደገኛውን የአሸዋ ጕድጓድ እየራቀ ተጫወተ። ሌሎቹ ከእርሱ አርቀው ሲመቱ አልቀናም። በሁለት ምት በልጦ አሸነፈ፤ የመጨረሻይቱን ኳስ ካገባ በኋላም ከረጢት ተሸካሚውን አቅፎ ስለ አባቱ በሕዝብ ፊት አለቀሰ። ይህ ሲነገር ልጄ ወደ እኔ አየ፤ እኔም ዓይኔን ወደ ምድር አደረግሁ።

አሁን ስለ ምቱ ብቻ ሳይሆን ስለ ምርጫውም ልናገር። ይህች ዝቅ ያለች ምት የምታስፈልገው በጭንቅ ቦታ ነው። ኳሷ ከዛፍ ሥር ስትገባ፥ ነፋስ ፊት ለፊት ሲነፍስ፥ ወይም ቅርንጫፍ ከላይ ሲከለክል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የተጫዋቹ ልብ ሁለት ነገር ይነግረዋል። አንዱ «በዚያች በጠባቧ ቀዳዳ አሳልፋት፤ ትደርሳለህ» ይላል። ሁለተኛው «ወደ ጎን ወደ ተጨደው ሣር አውጣት፤ አንድ ምት ትከስራለህ እንጂ ትድናለህ» ይላል። ቅርንጫፉን ሰብሮ መንገድ ማቅናት በሕጉ የተከለከለ ነው። ከቶ መምታት የማይቻል ከሆነም ሕጉ አንድ የቅጣት ምት ተቀብሎ ከኳሷ በሁለት ዱላ ርዝመት ውስጥ፥ ወደ ቀዳዳው ሳይቀርቡ፥ አውጥቶ መጣልን ይፈቅዳል።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ ይህን ሕግ ሳነብ ሥራዬ ትዝ አለኝ። በፍርድ ቤት አንድ ስንዝር በማይሞላ ወሰን ምክንያት ብዙ ዓመት የሚከራከሩ ወንድማማቾችን አይቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ጥቂት ከስረው በእርቅ ቢወጡ ኖሮ ሁለቱም ቤታቸው በገቡ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም በጠባቧ ቀዳዳ አሳልፈው ሊያሸንፉ ስለ ወደዱ፥ ኳሳቸው ከግንድ ወደ ግንድ ስትነጥር ዕድሜያቸውና ገንዘባቸው አለቀ። ደግሞም ሌላውን ብቻ ለምን እወቅሳለሁ? እኔ ራሴ በዚያ እሑድ ሳልጠይቅ ሣጥን መቈለፌ፥ በቍጣ ከፍ አድርጎ መምታት እንጂ ሌላ አልነበረም። ኳሷም የወደቀችው በልጄ ላይ ነው።

ሁለተኛው ፈተና በጥር መጨረሻ ሆነ። እሜቴ በዚያው በርጩማ ተቀመጡ። በዚያ ቀን ነፋሱ ብርቱ ነበረና ልጁ ይለፍልኝ ብሎ ቢለምን ማንም ባልነቀፈው፤ እርሱ ግን አልለመነም። በመጀመሪያ ከመታው ይልቅ ቀስ እያለ፥ በየምቱ መካከል ወደ መንገዱ እየተመለከተ መታ። በዐሥራ አንደኛው ኳስ ላይ አንዲት ሴት ውሃ ይዛ በላይኛው መንገድ ስታልፍ ዱላውን አውርዶ እስክታልፍ ጠበቀ። ሃያውም ኳስ ከገመዱ በታች አለፈ። እኔ ግን እሜቴ የቈጠሩት ኳሱን ይሁን ወይስ ያን መጠበቁን አላውቅም። ከበርጩማቸው ተነሥተው «እንግዲህ ይጫወት» ብለው ሄዱ።

በየካቲት ወር የአጎቴ ልጅ ልጄን ይዞ ወደ ጎልፉ ሜዳ ሄደ፤ እኔም ተከተልሁ። በአንዱ ቀዳዳ ላይ የልጄ ኳስ ከባሕር ዛፍ መካከል ገባች። ከፊቱ በሁለት ግንድ መካከል የበር ስፋት ያላት ክፍት ቦታ ነበረች፤ በእርስዋም ማዶ ቀዳዳው ያለበት ለስላሳ ሣርና ባንዲራው ይታይ ነበር። በስተ ቀኝ ግን የሚወጣበት ሰፊ ሜዳ ነበረ። ልጁ በመካከል ቆሞ ሁለቱን ተራ በተራ ተመለከተ። እኔም «በዚያች አሳልፋት» ልለው አፌ ደርሶ ነበር፤ ዝም አልሁ። እርሱም ዱላውን ዝቅ አድርጎ ጨበጠ፥ ኳሷን ወደ ኋለኛው እግሩ አደረገ፥ በአጭሩ አንሥቶ መታ። ኳሷ ከቅርንጫፎቹ ሥር እንደ ዐይጥ ሮጣ ወደ ቀኙ ሜዳ ወጣች። ያን ቀዳዳ በስድስት ምት ጨረሰ፤ ሊጨርሰው የሚገባው በአራት ነበር። ከእኛ ጋር የነበረ አንድ ትልቅ ሰው ግን ከእነዚያው ዛፎች መካከል ገብቶ በጠባቧ በኩል ሁለት ጊዜ ሞክሮ ሁለት ጊዜ ግንድ መታና በዘጠኝ ጨረሰ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ በመኪናው ውስጥ ስለ ነፋሱ፥ ስለ ሣሩ፥ ስለዚያ ስለ ስድስቱ ምት እየደጋገመ ይነግረኝ ነበር። እኔም ብዙ አልመለስሁለትም፤ መስማት ብቻ ወደድሁ።

በማግሥቱ እሜቴ የልጅ ልጃቸውን ልከው ያችን የመጀመሪያይቱን ኳስ መለሱለት። እስከዚያ ቀን ድረስ በበርበሬ ዕቃቸው አጠገብ አኑረዋት ነበር። ቀይዋ ወገን ዛሬም አልለቀቀም። ልጄ በእርስዋ አይመታም፤ በመጻሕፍቱ አጠገብ አስቀምጧታል። የሣጥኔም ቍልፍ ከዚያ ወዲህ በእርሱ እጅ ነው።